ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፦ በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የቤተሰቦች መረጃ ልውውጥ

የድሬዳዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ ውስጥ ለተማሪ ቤተሰቦች የሚያደርሱት መልእክት ብዙ ነው፤ የምዝገባ ቀን፣ የፈተና መርሐ ግብር፣ የወላጆች ስብሰባ፣ ክትባት፣ የደንብ ልብስ፣ የውጤት ካርድ፣ አንዳንዴም ድንገት የተቋረጠ ትምህርት። መልእክቱ በጠዋት ሰልፍ፣ በበር ላይ በሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ በልጆች ደብተር፣ በስብሰባ፣ በስልክ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በቴሌግራም ወደ ቤት ይሄዳል። በዚህች ከተማ ግን መልእክቱ መላኩ ብቻ አይበቃም፤ ቤቱ በሚሰማው ቋንቋ መድረስ አለበት።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ደቻቱ ወንዝ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሁለት የከተማዋን ክፍሎች ለይቶ ያልፋል፤ በሁለቱም ወገን ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው ጉርብትና ገጥመው ይኖራሉ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ በአስተዳደሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። ልጁ የሚማርበት ቋንቋና ቤቱ የሚነጋገርበት ቋንቋ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በአማርኛ የሚማር ልጅ ሶማሊኛ ብቻ ከምትናገር አያቱ ጋር ሊኖር ይችላል፤ አባቱ ገበያ በአፋን ኦሮሞ ውሎ ማታ በአማርኛ ያወራል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ቤት ሲደርስ ልጁ አስተርጓሚ ይሆናል። ስለ ፈተና ቀን ከሆነ ምንም አይደለም። ስለ ልጁ መቅረት ወይም ጠብ ከሆነ ግን ተከሳሹ ራሱ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው፤ እናት የምትሰማው ልጁ የመረጠውን ያህል ነው። ለዚህ መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሦስት መስመር ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ጎን ለጎን መጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ሦስቱን ቋንቋ የሚችል መምህርም በድሬዳዋ ብርቅ አይደለም።

በቤተሰብ ጆሮ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የትምህርት ቤት መልእክት «ወላጅ አምጣ» ነው። ልጁ ቢያረፍድ፣ መስኮት ቢሰብር፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ቢመጣ ይህ ይባላል። ልጁ ፈርቶ ታላቅ ወንድሙን ወይም የሰፈር ጎረምሳ አባብሎ ይዞ የሚሄድበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ጉዳቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ትምህርት ቤት የሚጠራው ለጥፋት ብቻ ከሆነ፣ ወላጅ ስልኩ ላይ የመምህሩን ስም ሲያይ ይደነግጣል፣ ስብሰባ ሲባልም ወቀሳ ይጠብቃል። ልጁ ማንበብ የጀመረ ዕለት ለቤተሰቡ «ዛሬ ልጅዎ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አነበበ» ብሎ መላክ ምንም ወጪ የማያስወጣ ነገር ነው። ይህን የሚያደርጉ የክፍል ኃላፊ መምህራን አሉ፤ ሊበዙ ይገባል።

ቤተሰብን ከትምህርት ቤት ጋር የሚያገናኘው መደበኛ አካል የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ ነው። አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይመረጣሉ፤ ሰብሳቢውም አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ነው። ኅብረቱ ስለ በጀት፣ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ክፍል ጥገናና ስለ መዋጮ ይመክራል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ካሉት አራት ዐበይት መስኮች አንዱ የኅብረተሰብ ተሳትፎ በመሆኑ፣ ርዕሰ መምህራን የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ጠንቅቀው ይይዛሉ። ቃለ ጉባኤው ግን ማን እንደመጣ እንጂ ማን እንደገባው አይናገርም።

የስብሰባው ቀን ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው፤ እሑድ ጠዋት ብዙው ወላጅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከራል፣ ጫት ለመቃም በርጫ የሚቀመጠውም ከቦታው አይነሣም። የሚቀረው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሱም ለገበያ ሰው ዋና የሥራ ሰዓት ነው። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሰሞን ከተማዋ በመንገደኛ ትጥለቀለቃለች፤ በረመዳን ደግሞ የቤቱ ሰዓት ሁሉ ይቀየራል። በማለዳ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ፣ አጀንዳው አስቀድሞ የታወቀ ስብሰባ ሰው ይሞላል። መዋጮ ብቻ የሚነሣበት ስብሰባ ግን በሁለተኛው ዙር ባዶ ወንበር ይሰበስባል።

በየጊዜው የሚመጣ የጤና መልእክት በድሬዳዋ ልዩ ክብደት አለው። በ2006 ዓ.ም የዴንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማዋን መትተዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን የምትናከስና ንጹሕ በሆነ የተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ናት፤ ማለትም ውኃ በሚቆራረጥበት ቤት በበርሜልና በጀሪካን በተያዘው ውኃ ውስጥ። ስለዚህ «አጎበር ተጠቀሙ» የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ በርሜሉን መክደን፣ ውኃውን በየሳምንቱ መድፋትና ዕቃውን ማሸት፣ ግቢ ውስጥ የተጣለ ጎማ ማስወገድ መነገር አለበት። ይህን ለቤቱ የሚያደርስ ከተማሪ የተሻለ መልእክተኛ የለም፤ በርሜሉ ሳይከደን ሲያድር እናቱን የሚጨቀጭቅ እርሱ ነው።

ክትባት ግን በልጅ አፍ ብቻ ሊተው አይገባም። በ2011 ዓ.ም ለልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤቶች በኩል ሲሰጥ፣ «መሐን ያደርጋል» የሚል ሐሰተኛ ወሬ በየቦታው ቀድሞት ይሄድ ነበር። እናት ጥያቄዋን ለጤና ባለሙያ ፊት ለፊት የምታቀርብበት ግማሽ ሰዓት ከመቶ ወረቀት ይበልጣል።

ሌላው ጎርፍ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ልጆች አቋርጠውት ይሄዳሉ፤ ጎርፉ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋው ሊመጣ ይችላል። በወንዙ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች በዝናብ ወራት ልጆችን በየትኛው ድልድይ እንደሚያሻግሩ፣ ደመና በከበደ ቀን እስከ መቼ ግቢ ውስጥ እንደሚያቆዩ ለቤተሰብ አስቀድመው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጨረሻ ሰኔ ላይ ነው፤ የወላጆች ቀን ይከበራል፣ ካርድ ይሰጣል። ወላጁ ቶሎ የሚያየው ደረጃውን ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?» ይላል። መምህሩ ሁለት ደቂቃ ወስዶ በየትኛው ትምህርት እንደደከመና ክረምቱን ምን ቢያነብ እንደሚጠቅመው ካልነገረው፣ ካርዱ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። ወላጆቻቸው ለሥራ ጅቡቲ ወይም ዐረብ አገር የሄዱባቸው ልጆች በርካታ ናቸው፤ ለእነዚህ አክስት ወይም አያት ካርዱን ተቀብላ ፎቶውን በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ትልካለች፤ እናትም ከባሕር ማዶ «ሒሳብ ለምን ወረደ?» ብላ ትደውላለች።

ቴሌግራም በትምህርት ቤቶች ዘንድ የተስፋፋው ከመጋቢት 2012 ዓ.ም ወዲህ ነው፤ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ መልመጃ በፎቶ እየተላከ ልጆች ቤት ሆነው ይሠሩ ነበር። ዛሬ በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች የወረቀት መገናኛ ደብተሩን ሊተካው ደርሷል። ድምፅ መቅዳት መቻሉ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በሶማሊኛ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ መልእክት ሶማሊኛ ብቻ ለምትናገረው አያት ከማንኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። ተራ ስልክ ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች ግን ይቀራሉ። ለእነዚህ ወሬውን የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ልጆቹን በኮንትራት የሚያመላልሰው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ነገ ትምህርት እንደሌለ፣ ፈረቃው እንደተቀየረ በየበሩ እየቆመ ይናገራል። ስሙንና ስልኩን መዝግበው የያዙ ትምህርት ቤቶች ድንገተኛ ለውጥ ሲኖር አስቀድመው ለእርሱ ይደውላሉ።