ሞሮው፦ አሮጌው የእንግሊዝኛ «ነገ»

«ሞሮው» ያረጀ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ትርጉሙ «ነገ» ወይም «ማግስት» ነው። ዛሬ በተራ ወሬ ውስጥ አይሰማም። አንድ ሰው ለንደን ውስጥ ስልክ አንስቶ ቢናገረው ቴአትር የሚለማመድ ይመስላል። የዘወትሩ ቃል «ቱሞሮው» ነው፤ እሱም የዚሁ የሞሮው ልጅ ነው።

መነሻው ግን ጠዋት ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት በነበረው እንግሊዝኛ ጠዋት «ሞርገን» ይባል ነበር። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ጠዋትንም ነገንም «ሞርገን» ይላሉ። እንግሊዞች ዘንድ የ«ገ» ድምፅ እየላላ ሄዶ «ወ» ሆነ፤ ቃሉም «ሞርወን» ተባለ። ኋላ መጨረሻው ላይ ያለው «ን» ወደቀ። ኀዘን ማለት የሆነው «ሶሮው»ም ከ«ሶርግ» የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። «ቱሞሮው» መጀመሪያ ሁለት ቃል ነበር። ከተጣመረም በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ብዙዎች መሃሉ ላይ ሰረዝ ያስገቡ ነበር።

ጠዋት «ነገ» መሆኑ ለእኛ ብርቅ አይደለም። «ነገ» እና «ነጋ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በግእዝ «ነግህ» ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ጸሎተ ነግህ ትላለች።

ሞሮው ከሁሉ በላይ የደመቀው በሼክስፒር ዘመን ነው፤ ቢያንስ ለእኛ የደረሱት ጽሑፎች ይህን ያሳያሉ። ያኔ ሰው ሲገናኝ «ጉድ ሞሮው» ይባባል ነበር፤ «እንደምን አደሩ» እንደማለት። በሮሜዎና ዡልየት የሰገነቱ ትዕይንት ዡልየት ስትሰናበት «ሶሮው» ከ«ሞሮው» ጋር ቤት ይመታል። እዚያ ላይ ቃሉ አሁንም ንጋት ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ማቴዎስ 6፥34 ላይ፣ እኛ «ለነገ አትጨነቁ» በምንለው ቦታ፣ «ሞሮው»ን በነገ ትርጉሙ ይጠቀማል። የእንግሊዛዊው ገጣሚ የጆን ደን «ጉድ ሞሮው» የተባለ ግጥምም በ1633 ታትሟል።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የገጣሚዎች ዕቃ ሆነ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ በ1798 በታተመው የአሮጌው መርከበኛ ግጥሙ ማሳረጊያ ላይ ተጠቅሞበታል።

በጽሑፍ እንግሊዝኛ አንዳንዴ ብቅ የሚለው «በጦርነቱ ማግስት» ዓይነት አባባል ላይ ነው። በእኔ እምነት ከ«ነገ» ይልቅ «ማግስት» ይበልጥ ልኩ ነው፤ «ሞሮው»ም «ማግስት»ም ካለፈ ነገር በኋላ የመጣውን ቀን ይይዛሉና።

ስኮትላንድ ውስጥ ዘመዱ «ሞርን» ዛሬም በሰው አፍ አለ። «ዘ ሞርን» ነገ ነው፤ «ዘ ሞርንስ ሞርን» ደግሞ ነገ ጠዋት።