የታይዋን «የአየር ክልል» በእርግጥ ተጥሷል?

የቻይና ጄቶች ታይዋን አካባቢ በበረሩ ቁጥር «የአየር ክልሏን ጥሰው ገቡ» የሚል ዜና ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። የአንድ አገር የአየር ክልል ከባህር ዳርቻው 12 የባህር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያበቃል። ጄቶቹ የሚገቡት ከዚያ ውጪ ወዳለው የአየር መከላከያ መለያ ቀጠና ነው። ግቢው ሳይሆን ዘበኛው «ማነው የሚመጣው?» እያለ ከሩቅ የሚያየው መንገድ በሉት። ቀጠናውን የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም፤ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ያሰምራል። የታይዋንን ያሰመሩት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች ናቸው። የሚገርመው፣ ካርታው ላይ ቀጠናው ባህሩን ተሻግሮ የቻይናን ፉጂያን ግዛት ሳይቀር ይሸፍናል! ስለዚህ የታይዋን መከላከያ ሚኒስቴር በየቀኑ ሲዘግብ እዚያ የሚበረውን ሁሉ አይቆጥርም።

ሌላው በዜና የሚነሳው ቻይናንና ታይዋንን የሚለየው የባህር ሰርጥ መካከለኛ መስመር ነው። እሱም በወረቀት የተፈራረሙበት ድንበር አይደለም። ግን ለአሥርት ዓመታት ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው አክብረውት ኖረዋል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቤጂንግ «እንዲህ የሚባል መስመር የለም» አለች። የያኔዋ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ በነሐሴ 2022 የታይዋን ዋና ከተማ ታይፔን ከጎበኙ ወዲህ ደግሞ መስመሩን መሻገር የአዘቦት ነገር ሆኗል።