ስለ ፍሪጅ ጽዳት ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች እና እውነታው

ፍሪጅ ከቤት ዕቃ ሁሉ የታደለ ነው። ማንም አይጠረጥረውም። ምድጃ ቅባት ሲይዝ ያስታውቃል፣ ወለል አቧራ ሲለብስ እግር ያውቀዋል። ፍሪጅ ግን በሩ ይዘጋል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ብዙውን ጊዜም ነጭ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ይመስላል። ትዝ የሚለን ሲሸት ወይም እንግዳ ሲመጣ ነው። ያኔም የምንጀምረው ከሰማነው ነው፤ ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከአጭር ቪዲዮ። ከሰማነው ውስጥ አንዳንዱ ጉልበት ከማባከን በቀር ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ፍሪጁን ይገድላል፣ ሰውም ይጎዳል።

«ብርዱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል»

አይገድለውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ምግብ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ፍሪጅ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አብዛኞቹ ይዳከማሉ፣ ግን በሕይወት አሉ። ፍሪዘሩም ቢሆን፣ በተለመደው −18 ዲግሪ፣ ያስተኛቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። በረዶው ሲቀልጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከብዙዎቹ የሚለየው ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የሚባለው ነው። ይኼኛው ብርድ አይበግረውም። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ ቀስ እያለ ይራባል። ለብዙ ጤነኛ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራስ ሕፃናት፣ ለአረጋውያን እና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ግን ከባድ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥጋ ፌስታል ወርዳ መደርደሪያው ጥግ ላይ የደረቀችው ጠብታ እንግዲህ «ብርድ ላይ ስለሆነች ችግር የለም» የምትባል አይደለችም። መታጠብ አለባት።

በነገራችን ላይ፣ ቅዝቃዜውን በምናስተካክልበት መዞሪያ ላይ ያሉት 1፣ 2፣ 3 ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል እንጂ «3» ማለት 3 ዲግሪ ማለት አይደለም። ትክክለኛውን ማወቅ የፈለገ ትንሽ ቴርሞሜትር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቶ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድር። ከጽዳት በኋላ ደግሞ መዞሪያውን አንዴ እዩት። ጨርቅ ሲያልፍበት ሳይታወቅ ይዞራል።

«ካልሸተተ ንጹሕ ነው»

ምግብን የሚያበላሹትና ሰውን የሚያሳምሙት ተሕዋስያን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሚያበላሹት ሽታ ይፈጥራሉ፣ ቀለም ይቀይራሉ፣ ያዝለገልጋሉ። የሚያሳምሙት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይሰጡም። አፍንጫ ወተት መበላሸቱን ይነግረናል፤ መደርደሪያው ላይ ሳልሞኔላ መኖሩን አይነግረንም።

«ቤኪንግ ሶዳ ካስቀመጥኩ በቃ»

ቤኪንግ ሶዳ ጥሩ ነገር ነው፤ የማይችለውን ሥራ ስለሰጠነው ነው ስሙ የጠፋው። አሲድነት ያላቸውን ሽታዎች፣ ለምሳሌ የኮመጠጠ ወተትን፣ መቀነስ ይችላል። ባክቴሪያ አይገድልም፣ እንዲሁ ተቀምጦም ቆሻሻ አያነሳም። በዚያ ላይ ሽታውን የሚያገኘው አየር የሚነካው ላዩ ብቻ ነው። አፉ ጠባብ በሆነ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ብዙ አትጠብቁበት። ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ቢዘረጋ ይሻላል።

ይልቅ ዋና ጥቅሙ ለማጠቢያነት ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙታችሁ ግድግዳውንና መደርደሪያውን እጠቡበት። ሽታ የለውም፣ ፕላስቲክ አይጭርም። ሽቶ ያለው ማጽጃ ፍሪጅ ውስጥ የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ፕላስቲኩ ሽቶውን ይይዛል፤ ከዚያ ቅቤው «የሎሚ መዓዛ» ይዞ ይመጣል።

ታጥቦም የሚሸት ከሆነ ምንጩን ፈልጉ። ከመሳቢያዎቹ ሥር፣ ከበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ፣ ወይም ጥቂት ቆይተን ከምናያት ከኋላ ካለችው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው የሚሆነው።

«ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ ኃይለኛ ይሆናሉ»

የሚያታልለው አረፋው ነው። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ማርከሻ። ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ያ ሁሉ መፍላት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ነው። የሚተርፈው ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። ሁለቱንም ተራ በተራ መጠቀም ይቻላል፤ አንድ ላይ ግን ኪሳራ ነው። ኮምጣጤ ብቻውንም ቢሆን የውሃ ጨው ጠባሳን ያነሳል እንጂ የጥሬ ሥጋ ፈሳሽ የፈሰሰበትን ቦታ ለማከም አይታመንም።

«ማጽጃው በጠነከረ ቁጥር ይጸዳል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው የሚጎዳበት ይህ ነው።

በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ ባለበት ተሕዋስያኑ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚቀድመው ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ነው። ለተለመደው ጽዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ሥራው ይኸው ነው።

በረኪና የሚያስፈልገው የጥሬ ሥጋ ወይም የዶሮ ፈሳሽ ሲፈስ፣ ምግብ ውስጡ ሲበሰብስ፣ ወይም የገዛችሁት ምግብ ተበክሏል ተብሎ ከገበያ ሲሰበሰብ ነው። ያኔም መጠኑ ትንሽ ነው፦ በ4 ሊትር ገደማ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽቶ የሌለው ተራ በረኪና። የበረኪና ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን መመሪያም ተመልከቱ። ታጥቦ የተለቀለቀው ቦታ ላይ ትቀቡትና በራሱ እንዲደርቅ ትተዉታላችሁ። ቀባ አድርጎ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም፤ ለመሥራት ደቂቃዎች ይፈልጋል። የተበጠበጠውም ለሌላ ቀን አይቀመጥም፣ ይደክማል። ጎማውና ስቴንለሱ ላይ ግን አታብዙት፤ ጎማ ያደርቃል፣ ብረት ይበላል።

አሁን ዋናው። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም ዓይንና ሳንባ ያቃጥላሉ። ፍሪጅ የሚያጸዳ ሰው ደግሞ ራሱን ጠባብ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው። «አንዱ ካላጸዳው ሌላው ያጸዳዋል» ብሎ ማፈራረቅ እንኳ ያስፈራል፣ ቀሪው ጨርቁ ላይ አለና። አንድ ማጽጃ ከተመረጠ በእሱ ይለቅ።

«በረዶውን በቢላ ፈንቀል ማድረግ ነው»

ፍሪዘር ግድግዳ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ቅዝቃዜውን የሚፈጥረው ጋዝ የሚዞረው በእነሱ ነው። ቢላ፣ ጠመንጃ መፍቻ ወይም ማንኪያ በረዶውን አልፎ ቱቦውን ከነካ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ይሠራል፣ አይቀዘቅዝም። ጥገናው ውድ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማያዋጣ ነው።

ሌላም አለ። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የቤት ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ አር 600ኤ፣ ማለትም አይሶቡቴን ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ቱቦ ከተበሳ ክብሪት አትጫሩ፣ ማብሪያ ማጥፊያም አትነካኩ። መስኮት ክፈቱና ባለሙያ ጥሩ።

ትክክለኛው መንገድ አሰልቺ ነው፦ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሥሩ ፎጣ አንጥፉ፣ ጠብቁ። ለማፋጠን ሙቅ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ወፍራም ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ውስጡ አስቀምጡ፣ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት። የለቀቀውን በረዶ በእጅ ወይም በፕላስቲክ ማንሻ ታነሳላችሁ። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙ አሉ። ውሃ በሚንጠባጠብበት ቦታ ኤሌክትሪክ መያዝ ለእኔ አይዋጥልኝም። በረዶው ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ሲወፍር ማቅለጥ ይገባል። ከዚያ ካለፈ ቅዝቃዜውን ይከልላል፣ ኮምፕረሰሩም፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ብዙ ሰዓት ይሠራል።

«ኖ ፍሮስት ስለሆነ ራሱን ያጸዳል»

ራሱን ከበረዶ ያጸዳል እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። እንዲያውም ይህ ፍሪጅ የራሱ ጣጣ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተደበቀችው ማቀዝቀዣ ክፍል ላይ ብናኝ በረዶ ይጠራቀማል። በየተወሰነ ሰዓቱ ትንሽ ማሞቂያ በርታ ታቀልጠዋለች። ውሃው በአንዲት ቀዳዳና ቱቦ አልፎ ከኋላ፣ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ወይም በላዩ ወዳለች ማጠራቀሚያ ይወርዳል። የኮምፕረሰሩ ሙቀት ያተነዋል። በረዶ በሚሠሩት ፍሪጆችም በምግብ ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ግርጌ ተመሳሳይ ቀዳዳ ታገኛላችሁ።

ያቺ ቀዳዳ በፍርፋሪ፣ በቅጠል ቁራጭና በዝልግልግ ቆሻሻ ትዘጋለች። ያኔ ውሃው ተመልሶ ከአትክልት መሳቢያው ሥር ይተኛል። ስንት ሰው «ፍሪጄ ውሃ ያፈሳል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ቴክኒሻን ጠርቷል! ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ካልለቀቀ ለስላሳና ተጣጣፊ ፕላስቲክ ማስገባት ይቻላል፤ ሽቦ ግን ቱቦውን ይበሳል። ከኋላ ያለችው ማጠራቀሚያ የምትወጣ ከሆነ አውጥታችሁ እጠቧት። የማትወጣ ከሆነ ፍሪጁን ነቅላችሁ በጨርቅ ድረሱባት። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽታ እዚያ ሲገኝ ብዙ ሰው ይገረማል።

«ውስጡ ካበራ አልቋል»

የበሩ ጎማ ቀረ። እጥፋቱ እርጥበትና ፍርፋሪ ይይዛል፣ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። በሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሻል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ታጥቦ ካለቀ በኋላ ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል።

ከኋላ ወይም ከሥር የሚታየው ኮንደንሰርም ቀረ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው እሱ ነው። አቧራ ሲለብስ ሙቀቱ አይወጣም፣ ፍሪጁ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ከሶኬት ነቅሎ በብሩሽ ወይም በቫኪዩም ማንሳት ይበቃል። ኮንደንሰሩ የማይታይ ከሆነ ብዙ ጊዜ በጎን ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው። ጎኑ የሚሞቀውም ለዚህ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ለእሱ የሚያስፈልገው ከግድግዳ ራቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ጥቂት ትንንሾች

«የመስታወት መደርደሪያ በፈላ ውሃ ይታጠብ» የሚለው መደርደሪያ ይሰብራል። ቀዝቃዛ መስታወት ድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል። አውጡትና የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ።

«መደርደሪያው ላይ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ማንጠፍ ንጽሕና ይጠብቃል» የሚለውም አያስኬድም። የሽቦ መደርደሪያ የተሠራው አየር እንዲያልፍበት ነው። የተነጠፈው ነገር አየሩን ይዘጋል፣ ሥሩም እርጥበት ያምቃል።

የብረት ስፖንጅና ሻካራ ዱቄት ፕላስቲኩን ይጭራሉ። ጭረቱ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ደግሞ ሁለተኛ አይወጣም። ዕቃ ስታጥቡበት የሰነበተው ስፖንጅም ባክቴሪያ ከማዞር በቀር አይረዳም፤ የታጠበ ጨርቅ ውሰዱ።

«ጽዳቱ እስኪያልቅ ምግቡ ውጭ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆዩ ይመረጣል። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ 1 ሰዓት ብቻ። በረዶ ያለበት ሳጥን ካለ እዚያ ይግቡ። ፍሪጁ ባዶ ሊሆን በተቃረበበት ቀን ማጽዳት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች ሥሩ፤ ከሥር ጀምሮ የሚያጥብ ሰው ሁለት ጊዜ ያጥባል።

«በዓመት አንዴ ይበቃል»

የፈሰሰ ነገር እዚያው ይጠረግ። ለሙሉ ጽዳት በየ3 ወይም 4 ወሩ ጥሩ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በብዛት የሚገባበት ፍሪጅ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ሲጨርሱ ቸኩሎ መዝጋትም ስህተት ነው። እርጥብ የተዘጋ ፍሪጅ ሻጋታ ይጋብዛል። በደረቅ ፎጣ ጠርጋችሁ ሰኩት፣ ቴርሞሜትሩም 4 ዲግሪ እስኪያሳይ ድረስ ሥጋና ወተቱን ሳጥኑ ውስጥ አቆዩት። ለረጅም ጊዜ የምታጠፉት ከሆነ ግን ደርቆም በሩ ገርበብ ብሎ ይቀመጥ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ገብተው እንዳይዘጋባቸው በሩን ከነጭራሹ ማውለቅ ወይም ሊዘጋ እንዳይችል አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል።