የአስተዳደር ወጪ ድርሻ ምንድን ነው?

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በዓመት ካወጣው ገንዘብ ውስጥ ለሥራ አመራር፣ ለሂሳብ ክፍል፣ ለቢሮና ለገቢ ማሰባሰቢያ የዋለው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር የአስተዳደር ወጪ ድርሻ ይባላል። ለመለገስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለዚሁ ነው፦ «ከምሰጠው መቶ ውስጥ ስንቱ ተረጂው ዘንድ ይደርሳል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር ግን ገንዘቡ በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደተመዘገበ እንጂ ምን እንደሠራ አይናገርም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሂሳብ መግለጫው ወጪን በሦስት ይመድባል፦ የፕሮግራም ወጪ፣ ማለትም ድርጅቱ የተቋቋመለት ሥራ፤ የአስተዳደርና ጠቅላላ ወጪ፤ የገቢ ማሰባሰቢያ ወጪ። የኋለኞቹ ሁለቱ ተደምረው ለጠቅላላው ወጪ ይካፈላሉ። ጠቅላላ ወጪው 2,000,000 ዶላር ቢሆን፣ ከዚያ ውስጥ አስተዳደሩ 260,000፣ ገቢ ማሰባሰቢያው 180,000 ቢወስድ፣ ድምሩ 440,000 ነው፤ ድርሻውም 22 በመቶ። በአሜሪካ ድርጅቶች ለግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያስገቡት ቅጽ 990 ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ይህን ማንም ሊያሰላው ይችላል። የሚታየው ክፍል 9፣ መስመር 25 ነው፤ ዓምድ ኤ ጠቅላላውን፣ ቢ ፕሮግራሙን፣ ሲ አስተዳደሩን፣ ዲ ገቢ ማሰባሰቢያውን ይዟል። አብያተ ክርስቲያናትና መሰል የእምነት ተቋማት ግን ቅጹን የማስገባት ግዴታ የለባቸውም። ገቢያቸው በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማያልፍ ትናንሽ ድርጅቶች የሚያስገቡት አጭር ማሳወቂያም የወጪ ዝርዝር የለውም። በሌላ አገር ለተመዘገበ ድርጅት በውጭ ኦዲተር የተመረመረውን የሂሳብ መግለጫ መጠየቅ ነው፤ ክፍፍሉ ብዙውን ጊዜ ከሰንጠረዦቹ ይልቅ በማብራሪያዎቹ ውስጥ ይገኛል።

አስቸጋሪው መደቡ ራሱ ነው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ 60 በመቶው ፕሮግራም፣ 40 በመቶው አስተዳደር ነው ሲባል መነሻው የሥራ ሰዓት መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ መዝገብ ከሌለ ግምት ነው። የቢሮ ኪራይም እንዲሁ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁለት ድርጅቶች በትክክል አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ አንዱ 12፣ ሌላው 24 በመቶ ቢያስመዘግቡ አንዳቸውም ላይዋሹ ይችላሉ።

ከዚህ የባሰው በዓይነት የሚመጣ ልገሳ ነው። አንድ ድርጅት በጥሬ ገንዘብ 1,000,000 ዶላር አውጥቶ 400,000ው ለአስተዳደርና ለገቢ ማሰባሰቢያ ቢውል ድርሻው 40 በመቶ ነው፤ ለጋሽ ይሸሻል። በዚያው ዓመት ዋጋው 9,000,000 ዶላር ነው የተባለ መድኃኒት በልገሳ ተቀብሎ ቢያስተላልፍ ግን ጠቅላላ ወጪው 10,000,000 ይሆናል፤ ድርሻውም ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። የቢሮው ወጪ አልተነካም። መድኃኒቱ ዋጋ የተሰጠው በየትኛው ገበያ ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በጅምላ በሳንቲም የሚገዛ እንክብል በሀብታም አገር ፋርማሲ ዋጋ ከተመዘገበ ቁጥሩ ያለልክ ያብጣል። ለማጣራት በዓይነት የመጣውን ከጠቅላላው ወጪ ቀንሶ እንደገና ማካፈል ነው። በቅጽ 990 ላይ ክፍል 8፣ መስመር 1ጂ በዓይነት የተገኘውን መጠን ለብቻው ያሳያል። የተቀበሉት ሁሉ በዚያው ዓመት ላይታደል ስለሚችል ውጤቱ ግምት ነው፤ ግምቱ ግን ከ4 በመቶው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

የገቢ ማሰባሰቢያ ወጪም መልኩን ይቀይራል። ገንዘብ የሚለምን ደብዳቤ «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚል ምክር ቢጨመርበት የኅትመትና የፖስታው ወጪ ከፊሉ ወደ «ሕዝብ ማስተማር» ሊዞር ይችላል። የአሜሪካ የሂሳብ ሙያ ደንብ በ1998 ለዚህ ገደብ አበጅቷል፦ ዓላማው፣ የተላከላቸው ሰዎች ማንነትና ይዘቱ ይመዘናሉ፤ ሦስቱን ካላሟላ ወጪው በሙሉ ገቢ ማሰባሰቢያ ነው። እንዲህ የተከፋፈለ ወጪ ካለ ከመስመር 25 ቀጥሎ በመስመር 26 ይታያል። ገንዘብ ተቀብሎ ለሌላ ድርጅት የሚያስተላልፍ ድርጅት ደግሞ ያስተላለፈውን በሙሉ ፕሮግራም ብሎ ይመዘግባል። የተቀባዩ ድርጅት አስተዳደር በተቀባዩ መዝገብ ላይ ነው ያለው፤ ገንዘቡ ሦስት እጅ ካለፈ ሦስት አስተዳደር አለ፣ ለጋሹ የሚያየው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ዜሮ ሲታይ ደስ ከመሰኘት መጠርጠር ይሻላል። በ2004 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከግል ለጋሾች 50,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰበሰቡ ድርጅቶች 37 በመቶው ለገቢ ማሰባሰቢያ ምንም አላወጣንም ብለው ማስመዝገባቸውን አሳይቷል። ያን ያህል ገንዘብ ሳይጠየቅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። «መቶ በመቶው ለተረጂው ይደርሳል» የሚለው ማስታወቂያም ብዙውን ጊዜ የቢሮውን ወጪ ሌላ ለጋሽ ሸፍኖታል ማለት ነው። ሐሰት አይደለም፤ ግን ድርጅቱ ቆጣቢ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ዝቅተኛ ቁጥር ሥራን እንዴት እንደሚጎዳ በአጎበር እድላ እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ሁለት ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 1,000,000 ዶላር አላቸው። የመጀመሪያው 5 በመቶ ብቻ ለአስተዳደር ያወጣል፤ ቤተሰብ አይቆጥርም፣ ከእድላው በኋላም ተመልሶ አያይም። 200,000 አጎበር አድሎ የተሰቀለው ግማሹ ነው፦ 100,000። ሁለተኛው 20 በመቶ ያወጣል፤ አስቀድሞ ቤት ለቤት ይቆጥራል፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ያጣራል። 160,000 አድሎ 85 በመቶው ተሰቅሏል፦ 136,000። አንድ የተሰቀለ አጎበር የመጀመሪያውን 10 ዶላር፣ ሁለተኛውን 7.35 ዶላር ገደማ አስወጥቶታል። በድርሻ የሚመርጥ ለጋሽ የመጀመሪያውን ይመርጣል።

ለጋሾች ዝቅተኛ ቁጥር ሲፈልጉ ድርጅቶች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋሉ። መንገዱ አንድም በመዝገብ ማሳመር ነው፣ አንድም ሂሳብ ሠራተኛ አለመቅጠር፣ ኮምፒውተር አለመቀየር፣ ግምገማን መተው ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ለጋሹ ያንን እንደ ልክ ይቆጥረዋል፤ በቀጣዩ ዓመት ከዚያም ያነሰ ይጠብቃል። ሌባን የሚይዘው የሂሳብ ሠራተኛው፣ የንብረት ቆጠራውና ኦዲቱ ነው፤ ሦስቱም «አስተዳደር» ተብለው የሚመዘገቡ ናቸው። በ2013 ሦስት የታወቁ የአሜሪካ የድርጅቶች መረጃና ምዘና ተቋማት፣ ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ፣ ለጋሾች በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳይወስኑ በጋራ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈዋል።

ቁጥሩ ታዲያ ከንቱ አይደለም፤ ከልክ ሲያልፍ ያስጠነቅቃል። ከጠቀስናቸው ሦስቱ የመጨረሻው ተቋም መመዘኛ ከጠቅላላ ወጪ ቢያንስ 65 በመቶው ለፕሮግራም እንዲውል፣ ለገቢ ማሰባሰቢያ የወጣውም በእርሱ ከተገኘው መዋጮ 35 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የሦስት ዓመት አማካይ መውሰድ ይገባል፤ አዲስ ድርጅት ወይም ትልቅ ዘመቻ የጀመረበት ዓመት ብቻውን ያሳስታል። ከዚህ መስመር ለወጣ ድርጅት ጽፎ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። በተለይ ለስልክ ልመና ኩባንያ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ኩባንያው ከሰበሰበው ስንት እጁን እንደወሰደ ይጠየቅ፤ እኔ ጠንከር ብዬ የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው።

ድርሻው ያን መስመር ካላለፈ ወደ ጎን ይቀመጥና የሚከተሉት ይጠየቁ። አንድ ውጤት፣ የታደለ ዕቃ ሳይሆን ሥራ ላይ የዋለ ዕቃ ወይም የዳነ ሰው፣ የቢሮው ወጪ ሁሉ ተደምሮበት ስንት አስወጣ? ይህን በምን አወቃችሁ፣ ማን ቆጠረ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ? በሚቀጥለው የሚመጣ ገንዘብ አሁን ያልሠራችሁትን ምን ትሠሩበታላችሁ? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ዝነኛ ድርጅቶች ይንተባተባሉ፤ ገንዘብ ያልጎደላቸው፣ የሠለጠነ ሰው ወይም ፈቃድ የጎደላቸው ናቸውና። መጠባበቂያውንም ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ወር የማያቆይ ከሆነ ድርጅቱ በቀላሉ ይናጋል፤ ለጋሾች ለተወሰነ ሥራ ብቻ ብለው ያልገደቡት፣ እንደፈለገ የሚያዝበት ሀብት ከዓመታዊ ወጪው ሦስት እጥፍ ካለፈ ደግሞ የእርስዎ ልገሳ ሌላ ቦታ የበለጠ ይሠራ ይሆናል።

በእነዚህ መልሶች የረኩበት ድርጅት ከተገኘ «ከዚህ ውስጥ ምንም ለደመወዝ እንዳይውል» የሚል ገደብ ባይጻፍበት ይመረጣል። ድርጅቱ ገደብ ከሌለበት ሌላ ገንዘብ ደመወዙን ከፍሎ የእርስዎን በዕቃው ቦታ ይተካዋል፤ ለውጥ ቢኖር የሂሳብ ሠራተኛዋ አንድ ተጨማሪ ደብተር መያዟ ነው።