ከአውራ ዶሮ አንገት የሚቀዳ ውሃ

«እስልምና ሥዕል አይወድም» ሲባል ያልሰማ የለም። መስጊድንና ቁርኣንን ካልን ልክ ነው፤ ሰውም እንስሳም አይሣልባቸውም። ቤት ውስጥ ግን፣ በተለይ ገበታ ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኢራንና የሶርያ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃውን ራሱን ወፍ፣ አንበሳ ወይም ሰው አድርገው ያወጡት ነበር።

በዚህ ሥራ ስሟ የገነነው የኢራኗ ካሻን ናት። ፋርሶች የግድግዳ ሸክላን እስከ ዛሬ «ካሺ» የሚሉት በእሷ ስም ነው። ሠሪዎቿ ተራ ጭቃ አልነኩም። ከዚያው የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የወጣው አቡል ቃሲም በ1301 ልኩን ጽፎታል፦ 10 እጅ የተፈጨ ኳርትዝ (ጠንካራ ነጭ ድንጋይ)፣ 1 እጅ የተፈጨ ብርጭቆ፣ 1 እጅ ነጭ አፈር። ሲተኮስ እንደ ጥጥ ይነጣል። ሲያቦኩት ግን አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ጭቃ አይለጠጥም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በቅርጽ ማውጫ እየተጫነ ይሠራ ነበር። ለዶሮ ራስ ደግሞ ከዚህ የሚሻል ዘዴ የለም።

ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ያለውን ማንቆርቆሪያ እንይ። ከላይ አውራ ዶሮ ነው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊጮኽ የተዘጋጀ ይመስላል። ሆዱ ድርብ ነው። ውሃውን የሚይዘው የውስጠኛው ነው፤ የውጪው እንደ ጥልፍ ተበሳስቷል። ሥዕሉ በጥቁር ተሠርቶ ከላይ መዳብ ያለበት ብርጭቆ መሳይ ልባጥ ፈሶበታል። ያ መዳብ ነው እሳት ሲነካው ውሃ ሰማያዊ የሚሆነው። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው የዚሁ ዓይነት ማሰሮም ሆዱ ድርብ ነው፤ የሴት ፊት ያላቸው ወፎች ይታዩበታል። ዓመቱም ተጽፎበታል፤ 612 ሂጅራ፣ ማለትም 1215/16።

ከሶርያ ከተማ ከራቃ የወጣ ፈረሰኛም አለ፤ በዚያው ሰማያዊ ተለብጦ ከእባብ ጋር ይታገላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ትንሿ የኢራን አራስ ናት፦ እግሯን አጣጥፋ ልጇን ታጠባለች። ለምን እንደተሠራች ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም።

ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ በሥርዓት ተቆፍረው ሳይሆን በነጋዴ እጅ የመጡ ናቸው። አንዳንዱ ተሰብሮ በሌላ ዕቃ ስባሪ ተጠግኗል። ስለዚህ የሙዚየም ባለሙያ መጀመሪያ የሚመረምረው የዕቃው ጭንቅላት የዚያው የአካሉ መሆኑን ነው።