አሳታፊ የዝርያ መረጣ ምንድን ነው?

በምርምር ጣቢያ አንደኛ የወጣን ዝርያ ገበሬው ፊት ሊነሳው ይችላል። ጤፍን እንይ። ዱከም የተባለው ዝርያ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሲለቀቅ ምርታማ ነበር፤ ፍሬው ግን ገበያው የሚወደውን ያህል አልነጣም። ማኛ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው በ2006 ቁንጮን ለቀቁ። ቁንጮ ስንት ቦታ እንደደረሰ ጤፍ የሚሸምት ሁሉ ያውቀዋል።

አሳታፊ የዝርያ መረጣ የገበሬውን ምርጫ ከዝርያው መለቀቅ በፊት የሚጠይቅ ዘዴ ነው። ገበሬዎች እጩዎቹን ማሳ ላይ እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ከተመራማሪው ልኬት ጎን ይመዘገባል። ስለዚህ አዳቃዩ ብቻውን አይበቃም፤ የስታቲስቲክስና የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎችም ያስፈልጋሉ።

ዘዴው ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳየው የዱረም ስንዴ፣ ማለትም የፓስታው ስንዴ፣ ሥራ ነው። ትግራይ ውስጥ ሐገረ ሰላም፣ አማራ ክልል ደግሞ ገረገራ ላይ 400 ዓይነት ስንዴ ተዘራ። 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ የአበባውን ጊዜ፣ ዛላውንና ከአንድ ሥር የሚወጣውን አገዳ ብዛት እያዩ ነጥብ ሰጡ። ከዚያ ነጥቡ ከስንዴዎቹ ዘረ መል ጋር ተገጣጠመ። የገበሬው ምርጫ ከተወሰኑ የዘረ መል ቦታዎች ጋር ተያይዞ ተገኘ። «ይሄ ደስ ይለኛል» ማለት ተራ ስሜት አይደለም፤ አዳቃይ ሊጠቀምበት የሚችል መረጃ ነው።

ቀጥሎ ሙከራው ወደ ገበሬው ጓሮ ገባ። ለእያንዳንዱ ሦስት ዝርያ፣ ስማቸው ሳይነገር፣ ይሰጠዋል። እሱም የቱ እንደበለጠ፣ የቱ እንዳነሰ ይናገራል። በቃ። በ1,165 ማሳዎች የተሰበሰበው እንዲህ ያለ መረጃ ከጣቢያ ሙከራ በተሻለ የዝርያዎቹን ውጤት ለመተንበይ ረድቷል።

በመስክ ቀን ገበሬ ጠርቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አበል ከፍሎ መሸኘትም «አሳታፊ» ሲባል እንሰማለን። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የገበሬው ነጥብ የትኛው ዝርያ እንደሚለቀቅ ይወስናል ወይ? ካልወሰነ ድግስ ነው።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከመረጣው በኋላ ነው። የዘር ሥርዓቱ የለመደው ጥቂት ዝርያ በብዛት አባዝቶ ለሰፊ አካባቢ ማከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የየራሱን ሲመርጥ ዘሩን የሚያባዛው ማን ነው? አንዱ መንገድ በአካባቢው የተደራጁ የገበሬ ዘር አባዥ ማኅበራት ናቸው፤ እነሱም መነሻ ዘርና የጥራት ቁጥጥር ያስፈልጋቸዋል።