ቶርኔዶ የሚቋቋም ቤትና መጠለያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳላስ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ወይም ናሽቪል አካባቢ ቤት የገዛ ወይም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስለ ቶርኔዶ ብዙ ምክር ይሰማል። ከሚሰማው ውስጥ ግን ገንዘብ የሚያባክንም ሕይወት የሚያስከፍልም አለበት።

«ቤቴ የጡብ ስለሆነ አያሰጋኝም»

አገር ቤት የጡብ ወይም የብሎኬት ቤት ሲባል ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው፣ አለዚያም ኮንክሪት ምሰሶ አለው። በቴክሳስና በኦክላሆማ መንደሮች የምናየው ጡብ ግን በአብዛኛው ልብስ ነው። ጣሪያውን የተሸከመው ከጡቡ ኋላ የቆመው 2 በ4 (ኢንች) የሚባለው እንጨት ነው። ጡቡና እንጨቱ የሚያያዙት በቀጫጭን የብረት ማሰሪያዎች ብቻ ነው። ግንበኛው ማሰሪያዎቹን አራርቆ ከመታቸው፣ ወይም አጥፎ ትቷቸው በጡቦቹ መካከል ካለው ስሚንቶ ውስጥ ካልገቡ፣ ነፋሱ የጡቡን ግድግዳ በአንድ ጊዜ ገሽልጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ቤት ሲገዙ ከጡቡ ይልቅ ከኋላው ስላለው እንጨት አያያዝ ይጠይቁ።

«ቶርኔዶ ከመጣ ምንም አያቆመውም፤ ቤት ማጠናከር ከንቱ ወጪ ነው»

በጣም የሚጎዳው ይህ አመለካከት ነው። በዜና የምናየው ቤቱን ከመሠረቱ ጠርጎ የሚወስደውን ኢኤፍ5 ነው (የቶርኔዶ ኃይል ከኢኤፍ0 እስከ ኢኤፍ5 በደረጃ ይመደባል፤ 5 ከፍተኛው ነው)፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ማይል ያልፋል። አብዛኞቹ ቶርኔዶዎች ግን ኢኤፍ0 እና ኢኤፍ1 ናቸው፣ ማለትም እስከ 110 ማይል። በኃይለኛው ቶርኔዶ ውስጥ እንኳ ከባዱ ነፋስ የሚያገኘው ጠባብ መስመር ላይ ያሉትን ቤቶች ነው፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት የሚመቱት በደከመ ነፋስ ነው። በጥሩ አያያዝና በመጥፎ አያያዝ መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እነዚያ ቤቶች ላይ ነው።

የኦክላሆማዋ ሙር ከተማ በ1999 እና በ2013 በኃይለኛ ቶርኔዶዎች ከተመታች በኋላ፣ በ2014 የግንባታ ደንቧን ለውጣ መኖሪያ ቤቶች የሚነደፉበትን ነፋስ ከ90 ወደ 135 ማይል ከፍ አደረገች። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በ1.5 እጥፍ ሲጨምር ግፊቱ በ2.25 እጥፍ ይጨምራል። የጨመረችው ግን ውድ ዕቃ አይደለም፤ ክሊፕ፣ ምስማር፣ ኮምፔንሳቶና ጠንካራ የጋራዥ በር ነው።

ነፋስ ጣሪያን የሚያጠፋው ወደ ላይ በመሳብ እንጂ በመጫን አይደለም። ስለዚህ ከጣሪያ እስከ መሠረት አንድ ያልተቋረጠ ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ሰንሰለቱም የሚበጠሰው ከደካማው ቀለበት ነው።

በጣሪያው ልባስ እንጀምር። እንጨቱን ነክሶ የሚይዝ ቀለበታማ፣ 2⅜ ኢንች ርዝመት ያለው ምስማር በየ4 ኢንቹ ይመታል። ስቴፕል አይበቃም። ሲመታ ወራጁን የሳተ ምስማር ደግሞ ምንም አይዝም፤ ኮርኒስ ላይ ወጥተው በባትሪ ቢያዩ ከወራጁ ጎን የወጣ የምስማር ጫፍ በቀላሉ ይታያል።

ወራጁ ከግድግዳው ጋር በሰያፍ በተመታ ሁለት ሦስት ምስማር ብቻ ከተያዘ በቀላሉ ይነቀላል። በዚያ ቦታ የሚመታው ትንሽ የብረት ክሊፕ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ሲሆን የመያዝ አቅሙ በብዙ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሊፑን ገዝቶ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ምስማር ባለመሙላቱ ነው፤ በግማሽ ምስማር የተመታ ክሊፕ የተጻፈለትን አቅም አይሰጥም።

ከታች፣ የግድግዳው መቀመጫ እንጨት ከኮንክሪቱ ጋር በ½ ኢንች ብሎን ይታሰራል። የተለመደው ደንብ በየ6 ጫማው ይፈቅዳል፤ ለቶርኔዶ አገር በየ4 ጫማው ወይም ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ 3 በ3 ኢንች ከሆነ አራት ማዕዘን ሮንዴላ ጋር ይሻላል። ክቡ ትንሽ ሮንዴላ እንጨቱን ሰንጥቆ ሊያልፍ ይችላል። በ2014 አርካንሳስ ውስጥ ቪሎኒያ በተመታችበት ጊዜ ተጠርገው ከሄዱት ቤቶች ብዙዎቹ በብሎን ሳይሆን ኮንክሪት ላይ በተመታ ምስማር የተያዙ ሆነው ተገኝተዋል።

«መስኮት ከተከፈተ ቤቱ አይፈነዳም»

ቤት በውስጥና በውጭ የአየር ግፊት ልዩነት አይፈነዳም። የሚያፈርሰው በተከፈተ ቀዳዳ የገባው ነፋስ ከውስጥ ጣሪያውን ሲገፋና ከላይ ያለው ነፋስ ሲስበው ነው። መስኮት መክፈት አደጋውን ማገዝ ነው፤ ደቂቃዎቹንም ያባክናል። ከመስኮት ይልቅ ሊያሳስብዎት የሚገባው የሁለት መኪና ጋራዥ በር ነው፤ ሰፊና ስስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ወደ ውስጥ ተሰብሮ የሚገባው እሱ ነው። በር ሲቀይሩ ለከፍተኛ ነፋስ የተፈተነውን ከነሐዲዱ ይዘዙ፤ አሮጌው ሐዲድ ላይ የተሰቀለ ጠንካራ በር ከነሐዲዱ ይነቀላል።

«ምድር ቤት (ከመሬት በታች ያለ ክፍል፣ ቤዝመንት) ካለ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ላይ መቀመጥ ነው»

ይህ ምክር አሜሪካዊው የአየር ሁኔታ ተመራማሪ ጆን ፊንሊ ስለ ቶርኔዶ በጻፈበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ነው። በ1966 ካንሳስ ውስጥ ቶፒካ ከተመታች በኋላ የተደረገ ጥናት ያ ወገን ይልቁንም ከአደገኞቹ አንዱ መሆኑን አሳይቷል። አቅጣጫውን ይተዉት። ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከደረጃ ሥር ይግቡ፤ ከላይኛው ፎቅ ማቀዝቀዣ ወይም ፒያኖ ከተቀመጠበት ቦታ በታች ግን አይሁኑ።

«ምድር ቤት ከሌለ መዳኛ የለም»

በአግባቡ የተሠራ ከመሬት በላይ ያለ መጠለያ ክፍልም ያድናል። የፌዴራሉ አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ፌማ የሚያወጣው መመሪያ ለ250 ማይል ነፋስ የተነደፈ ነው። ግድግዳው የሚፈተነው 15 ፓውንድ የሚመዝን 2 በ4 እንጨት በሰዓት 100 ማይል ተተኩሶበት ነው። በብሎኬት ከተሠራ ቀዳዳዎቹ በኮንክሪት ሊሞሉና ቋሚ ፌሮ ሊገባባቸው ይገባል፤ ባዶ ብሎኬት በተወረወረ እንጨት ይበሳል። በእንጨት ከተሠራ ሁለት ድርብ የ¾ ኢንች ኮምፔንሳቶ ላይ ወፍራም ላሜራ ይለበሳል።

ክፍሉ ከቤቱ እንጨት ጋር መታሰር የለበትም፤ ቤቱ ሲሄድ ይዞት እንዳይሄድ ራሱን ችሎ ከኮንክሪቱ ጋር ይታሰራል። ነባር ወለል ላይ ከሆነ የወለሉ ውፍረትና ፌሮ ብሎኖቹን የሚሸከም መሆኑ መጀመሪያ ይጣራ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ስኩዌር ፉት ይታሰባል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ 15 ማለት ነው። ዊልቸር ካለ ተጨማሪ ይያዝ።

ደካማው ቦታ ሁልጊዜ በሩ ነው። ከመደብር የተገዛ ተራ የብረት በር፣ ሦስት ቁልፍ ቢገጠምለትም፣ የመጠለያ በር አይሆንም። በሩ፣ ክፈፉ፣ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው አብረው የተፈተኑ መሆን አለባቸው፤ አንዱን ቀይረው ሌላውን ከተዉ ፈተናው ዋጋ ያጣል። ሻጩን የፈተና ማረጋገጫውን ያስወጡት። ከመሬት ሥር የሚቀበር መጠለያ ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ፍርስራሽ ሊከመር ስለሚችል ክሪክና መጥረቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቦታውም በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ይመዝገብ። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ከሆነ ሣጥኑ ተንሳፍፎ እንዳይወጣ በኮንክሪት መያዝ አለበት።

«ሞባይል ሆም በደንብ ከታሰረ ይበቃል»

አይበቃም። ማሰሪያው ይጠቅማል፣ ነገር ግን በውስጡ መቆየት አያስኬድም። ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ይሂዱ።

«መንገድ ላይ ከያዘኝ ከድልድይ ሥር እጠለላለሁ»

ድልድይ ሥር ነፋሱ ይጠብና ይፈጥናል፣ ፍርስራሹም እዚያው ይሰበሰባል። በ1999 ኦክላሆማ ውስጥ በዚህ መንገድ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.)፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት የዳላስ አጎራባች ከተማ ጋርላንድ፣ ከሞቱት አብዛኞቹ የተገኙት መኪና ውስጥ ነው። ማስጠንቀቂያ እያለ ከቤት አለመውጣት ይቀድማል።

አፓርታማ የተከራየ ሰው ክሊፕ መምታት አይችልም፤ ታችኛው ፎቅ ካለ ጎረቤት ጋር ግን አስቀድሞ መነጋገር ይችላል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ይመረጥ፤ ጫማ፣ ባትሪ፣ ለልጆች የብስክሌት ሄልሜት፣ ፊሽካና ወፍራም ብርድ ልብስ እዚያው ይቀመጡ።